ሽማግሌ የተላከላት ጌም

ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ይህን እያልኩ ወሬ መጀመሬ እንደማያምር አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሰው ጣጣውን ከመዘርዘሩ በፊት ጠባዩን ቢያስታውቅ ለአንባቢም ለራሱም ይቀለዋል። መካነ ሰላም ውስጥ ረጅም ዘመን ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈች፣ ልጆቼም ከተበተኑ ወዲህ አብዛኛውን ቀን የማሳልፈው ከካርታዎቼ ጋር ነው። ካርታ መልካም ባልንጀራ ነው፤ ንግግር አያቋርጥም፣ ጤና ደጋግሞ አይጠይቅም፣ «ምነው ጠፉ?» አይልም።

ዝምታዬን የከተማው ሰው እንደየፍላጎቱ ይተረጉመዋል። የግራ ጎረቤቴ ኩራት ነው ይላል። ደብሩ አካባቢ ትሕትና ይባላል። እኅቴ ሕመም ነው ብላ ስላመነች በየጊዜው ፌጦ ትልክልኛለች፤ ዝም ብዬ እቀበላለሁ፤ ዝም ብዬ መቀበሌን ደግሞ ሕመሙ እንደጠናብኝ ትቆጥረዋለች። ይህ ሁሉ አይጎዳኝም። የሚጎዳኝ፣ ዝም ያለ ሰው «እሺ» ብሏል የሚለው ትርጓሜ ነው። በዚህ ትርጓሜ ምክንያት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ለሁለት ተፎካካሪ ሱቆች ሽማግሌ ሆኜ ተገኘሁ። የተላክነውም ሴት ልጅ ልንጠይቅ አልነበረም። ጌም ልንጠይቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መዲና የአቶ ሰይድ ልጅ ናት። አቶ ሰይድ ገበያው ዳር ወፍጮ ቤት ያላቸው፣ ጥቂት ተናግረው ብዙ የሚያዳምጡ ሰው ናቸው፤ የወፍጮው ድምፅ ሌላ ምርጫ ሳይነፍጋቸው አልቀረም። መዲና ተማሪዬ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር አጥንታ ስትጨርስ እኩዮቿ አዲስ አበባ ሲቀሩ እሷ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ከወፍጮው በስተጀርባ ባለች ክፍል ኮምፒውተሯን ዘርግታ፣ ዱቄቱን ከላዩ እየጠረገች፣ ጌም ሠራች። ስሟን «ቁልቁለት» አለቻት። የምትጫወቱት የጭነት መኪና እየነዳችሁ ነው፤ ከመካነ ሰላም ተነሥታችሁ ደሴ ትገባላችሁ፣ ወይም ለመግባት ትሞክራላችሁ። ጭቃ አለ፤ ጭጋግ አለ፤ የገበያ ቀን ከሆነ መንገዱን ሞልተው የሚሄዱ አህዮች አሉ። ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ ማለት ሲጀምር አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ ያደርጋል። ዘግይታችሁ ከተጫናችሁ ረዳቱ የሚናገረውን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

እኔ ጌም ሥራ የፈታ ሰው መጫወቻ ይመስለኝ ነበር። መዲና ግን «መምህር፣ መልክዓ ምድሩን ይዩልኝ» ብላ አስቀመጠችኝና በጽሞና መረመርኩት። ኩርባው ሁሉ በቦታው ነው። ገደሉ በግራ መሆን ባለበት በግራ ነው። አንድ ስሕተት ብቻ አገኘሁ፦ መንገዱ ከእውነተኛው የተሻለ ነበር። ይህንኑ ብነግራት «መምህር፣ እንደ እውነቱ ባደርገው ማን ይጨርሰዋል?» አለችኝ። ተማሪ መምህሩን ሲበልጥ ደስ ይላል ይባላል፤ ለመልመድ ግን ጊዜ ይወስዳል።

በጌሙ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ በሙሉ የመናኸሪያችን ሾፌሮችና ረዳቶች ድምፅ ነው። መዲና ከወዲያ ወዲህ እየሄደች፣ ስልኳን አፋቸው ሥር እየደቀነች ቀድታቸዋለች። ምንም አልከፈለቻቸውም፤ ቃል ግን ገባችላቸው፦ «ጌሙ የወጣ ቀን መጀመሪያ የምትጫወቱት እናንተ ናችሁ፤ በገዛ ስልካችሁ።» ከዚያ ወዲህ መናኸሪያው በሙሉ ይጠብቃል። በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር አንዱ ከመስኮት ብቅ ብሎ «መዲና! ደሴ መቼ ነው የምንገባው?» ይላታል።

ጣጣው የመጣው ከሱቆቹ ነው። ሱቅ ስል በርና መደርደሪያ ያለው እንዳይመስላችሁ፤ ጌም የሚሸጥባቸው፣ በመስታወት ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ሱቆች ናቸው። ሁለቱ አዲስ አበባ የተመሠረቱ ሲሆን አንዱ «አቁማዳ»፣ ሌላው «ጎተራ» ይባላሉ። እህል ወቅተው የማያውቁ ልጆች የእህል ማስቀመጫ ስም ለምን እንደሚወዱ የሚያጠና ምሁር ቢገኝ መልካም ነበር። አቁማዳ ለመዲና ዳጎስ ያለ ክፍያ አቀረበላት፤ በዚያ ክፍያ ሌላ ሥራ ሳትፈልግ፣ ከአባቷ ቤት ሳትወጣ፣ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ሁለተኛውን መንገድ ሠርታ ልትጨርስ ትችላለች። ያንን ካላገኘች አዲስ አበባ ወርዳ መቀጠሯ ነው፤ የመንገዱ ነገርም በዚያው አበቃ። ነገር ግን አቁማዳ ብቸኛ ሻጭ መሆን ይፈልጋል፦ ለአንድ ዓመት «ቁልቁለት» ከእሱ በቀር የትም ቦታ አትሸጥም። አቁማዳ ደግሞ የሚከፈተው በኮምፒውተር ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ስለዚህ ሾፌሮቹ የገዛ ድምፃቸውን ሳይሰሙ ዓመቱ ሊያልፍ ነው። ጎተራ በማናቸውም ስልክ ይከፈታል፤ ክፍያው ግን አነስተኛ ነው፤ እሱም ብቸኛ መሆን ይፈልጋል።

ሁለቱም ሱቆች አንዳንድ ወጣት ላኩ። መዲና ለማሰብ ጊዜ ፈልጋ ሁለቱንም «አባቴን አነጋግሩ» አለቻቸው። አቶ ሰይድ ደግሞ ልጃቸውን የሚመለከት ጥያቄ በመጣ ቁጥር ከአፋቸው የሚወጣው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ እሱኑ መለሱ።

«የልጅ ጉዳይ በሽማግሌ ነው።»

የጎተራው ልጅ ቢንያም ይባላል፤ የኩታበር ልጅ ስለሆነ ይህን ሲሰማ አልደነገጠም። በማግሥቱ እኔ ቤት ደረሰ።

«መምህር፣ ወጉን አውቃለሁ» አለኝ። «ሐጅ ሙሄን ይዣለሁ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እርስዎ ግርማ ይሆኑልናል። ቅዳሜ ከሰዓት።»

መልስ አዘጋጀሁ። መልሴ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጄ ሆይ፣ ሽምግልና በሰውና በሰው መካከል እንጂ በሸቀጥና በገበያ መካከል እንዳይደለ፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ በነጋዴዎች ፉክክር ውስጥ መግባቴ ለእኔም ለወጉም ክብር እንደማይሆን በመገንዘብ…» ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። በልቤ እያስተካከልኩት ወደ ማሰሪያው ስቃረብ ቢንያም ጉልበቴን ስሞ «እሺ ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ወጥቷል።

የአቁማዳው ልጅ ሮቤል ይባላል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ከየት እንደሚገኝ ስላላወቀ ገበያ ገብቶ ጠየቀ። «ሁሉም የሚያከብራቸው ማን ናቸው?» ሲል «እኚያ ዝም የሚሉት» ብለው ወደ እኔ ሰደዱት። በዚህኛው ጊዜ ተጠንቅቄ ነበር፤ በረጅሙ ፈንታ «አልችልም» የሚል አጭር መልስ ይዤ ጠበቅኩት። አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። ደጃፌ ላይ ቆሞ ሲያወራ ቆይቶ ተመለሰና «እንግዲህ ተስማምተናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት» አለኝ። ከእኔ ጋር ይሁን ከስልኩ ጋር የተስማማው ለጊዜው አልገባኝም።

ለምን ተከትለህ አልነገርካቸውም ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልናገር፦ ለብዙ ዓመታት ከፌጦ ላኪዋ እኅቴ በቀር የፈለገኝ ሰው አልነበረም። ሁለት ሱቅ ሲሻማብኝ ደረቴ ሳላዘው ትንሽ ነፋ አለ።

ቅዳሜ ከሐጅ ሙሄ ጋር መንገድ ጀመርን። ሐጅ ሙሄ የቀድሞ የከብት ነጋዴ፣ በወረዳችን ስንቱን ያጋቡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም ሱቆች እንደያዙኝ በመንገድ ላይ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ አንድ በሬ እያወሩ ነበርና በሬው እስኪሸጥ ጠበቅኩ። በሬው ሳይሸጥ አቶ ሰይድ በር ደረስን።

ቢንያም ከኋላችን ገባ። ቆመን፣ «ተቀመጡ» ተብለን፣ «ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» ብለን፣ ሐጅ ሙሄ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

«አቶ ሰይድ፣ አላህ ቤትዎን ይሙላው። የመጣነው ለኸይር ነው። ልጅዎ የሠራቻት ጌም ዓይን የምትስብ፣ አገሯን የምታውቅ፣ የጨዋ ቤት ጌም መሆኗን ሰምተናል። ጎተራ የሚባል፣ እኛ ባናየውም ደኅና ነው የተባለ ሱቅ አለ። እሷን ለእሱ ይስጡን ብለን ደጅዎ ቆመናል።»

አቶ ሰይድ አሰቡ። «ሱቁ የት ነው የሚኖረው?»

«አዲስ አበባ፣ ፎቅ ላይ» አለ ቢንያም።

«ፎቁ የራሱ ነው?»

«ኪራይ ነው።»

ሐጅ ሙሄ ወደ ቢንያም ዞረው፣ ይህን አስቀድሞ አለመናገሩ እንዳሳዘናቸው በዓይናቸው ገለጹለት።

በዚህ መካከል በሩ ተንኳኳና ሮቤል ገባ። ሽማግሌ ጃንጥላና ከዘራ እንደሚይዝ ሰው ነግሮት ኖሮ ሁለቱንም ገዝቶ መጥቷል፤ የጃንጥላው ፕላስቲክ ገና አልወለቀም። በቀጥታ መጥቶ ከአጠገቤ ቆመና «ሽማግሌዬ ቀድመውኝ ደረሱ፤ ይቅርታ» አለ።

«የማን ሽማግሌ?» አሉ ሐጅ ሙሄ።

«የእኔ። የአቁማዳ።»

ሐጅ ሙሄ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ በአንድ ቀንበር ሁለት ገበሬ ያርስብዎታል እንዴ?»

መልስ ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ልጆቹ ግን አልጠበቁኝም።

«እኔ ነኝ ቀድሜ የያዝኳቸው!» አለ ቢንያም።

«ብቻዬን እይዛቸዋለሁ ብለህ ተፈራርመሃል?»

«ሽማግሌ በፊርማ ይያዛል እንዴ?»

«ካልተፈራረምክማ ለሁሉም ክፍት ናቸው።»

«ለአንተ ከሠሩማ ለእኔ ምን ይረቡኛል? ወይ ለእኔ ብቻ፣ ወይ ለማንም!»

«ክቡር አባቴን እንደ ዕቃ አትናገራቸው!»

«አንተ ነህ ክፍት ናቸው ያልከው!»

እኔ በመካከላቸው ቆሜ፣ ጌም ብሆን ኖሮ ምን እንደሚሰማኝ ተረዳሁ። አቶ ሰይድ ሁለቱን ሲያዩ ቆይተው «ተቀመጡ» አሉ፤ ድምፃቸው ወፍጮ ላይ ለመሰማት የለመደ ስለሆነ ሁሉም ተቀመጠ። ትኩስ ዳቦና ወተት ቀረበ። ሐጅ ሙሄ እጃቸውን ወደ ዳቦው ሰድደው መሃል ላይ አስታወሱና መለሱት፤ ጉዳይ ሳይፈጸም ሽማግሌ እህል አይቀምስም።

«እንግዲህ ሰምቻለሁ» አሉ አቶ ሰይድ። «ዘመድ ላማክርና በሳምንቱ ተመለሱ።»

«በሳምንቱ?» ሮቤል ከመቀመጫው ተነሣ። «አባቴ፣ የእኛ ጥያቄ የሚያበቃው ዛሬ ነው! ፀሐይ ሳትጠልቅ መልስ ካልላክሁ ገንዘቡ ለሌላ ጌም ይሄዳል።»

«ምን ዓይነት ሱቅ ነው? በመጀመሪያ ቀን መልስ የሚሰጥ የልጅ አባት የት አይተሃል?» አሉ ሐጅ ሙሄ። «ሰው ምን ይላል? ቸኩለው ጣሏት ይላል!»

«ጌም እኮ ናት ሐጅ!»

«ብትሆንስ!»

አቶ ሰይድ በወጋቸው ጸኑ። ሮቤል በመስኮቱ ፀሐይዋን ያያል። ከጓዳው በር ወዲያ መዲና ቆማ እንደምትሰማ ይታወቀኛል፤ የሻሽዋ ጫፍ ከመቃኑ ጎን ይታያል። የልጅቱ ሥራ በእኛ ወግና በእነሱ ጥድፊያ መካከል ሊጠፋ ነው። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እያንዳንዱ ለእሱ እንድናገርለት ይጠብቃል። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር ፈለግኩት፤ አልመጣም። የመጣው አጭሩ ነው።

«ልጅቱ ትጠየቅ።»

«ወላሂ፣ ይናገራሉ!» አሉ ሐጅ ሙሄ።

መዲና ሳትጠራ ገባች። እጇ ላይ ዱቄት አለ። አባቷን ቀና ብላ አየች፤ እሳቸውም ራሳቸውን በመነቅነቅ ፈቀዱላት።

«የአቁማዳን እቀበላለሁ» አለች። «ሁለተኛውን መንገድ እዚሁ ሆኜ መጨረስ እፈልጋለሁ።» ቢንያም አንገቱን ደፋ። «ግን ለሾፌሮቹ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ አቁማዳ በዓለም ሁሉ ብቸኛ ሻጭ ይሁን፤ ከእኛው ወረዳ ከቦረና በስተቀር። በቦረና ጎተራ በስልክ ይሽጥ።»

ቢንያም አንገቱን ቀና አደረገ። «አንድ ወረዳ?»

«አንድ ወረዳ።»

«ለአለቆቼ አንድ ወረዳ ይዤ ልመለስ?»

«ባዶ እጅህን ከመመለስ አይሻልም?» አለችው። አሰበና፣ ይሻላል መሰለኝ፣ ዝም አለ። እኔ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠርኩት፤ ተራዬ ነበር።

ሮቤል ግን ራሱን ነቀነቀ። «ብቸኛ ማለት ብቸኛ ነው። ቀዳዳ ካለው አለቃዬ አይቀበሉም። በፍጹም! እኔ ልጠይቅ፤ ግን ተስፋ አታድርጉ።»

ስልኩን ይዞ ግቢ ወጣ፤ እኛም ተከተልነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣ የእህል ሚዛኑ ላይ ሲቆሙ ነው፤ ሮቤል ሚዛኑ ላይ ወጣ። ደወለ፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። መዲና የአባቷን ክንድ ይዛለች። ሐጅ ሙሄ ለክርክሩ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ሁለት ሦስት ምሳሌ እያሰላሰሉ እንደነበር ከከንፈራቸው ያስታውቃል። እኔም ሳልታዘዝ ስለ ወረዳው የሕዝብ አሰፋፈር ጥቂት ነጥቦች አዘጋጅቻለሁ።

ሮቤል ፈራ ተባ እያለ ሁኔታውን አስረዳ። ከወዲያ በኩል የጎልማሳ ሰው ድምፅ መጣ።

«ቦረና? አንድ ወረዳ ነው? እሺ፣ ይሁን።»

አሸነፍን። መዲና ዐይኖቿ እንባ አቀረሩ። ነገር ግን ደስታው ሦስታችን አዛውንቶች ጋ ሲደርስ አንዳች ነገር ቆረጠው።

«ምን አለ?» አሉ ሐጅ ሙሄ።

«ይሁን አሉ!» አለ ሮቤል።

«እንዲሁ? ሳይከራከር?» ሐጅ ሙሄ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ያ ጌታው! ቦረናን ነው እኮ የጠየቅንዎ!»

«አዎ አባቴ፣ ውሰዱት።»

«ውሰዱት!» አቶ ሰይድ ፊታቸው ተለወጠ። «አንድ ወረዳ ሙሉ እንደ ተረፈ ዱቄት?»

መዲና ክንዳቸውን ሳበች። «አባዬ፣ እሺ ብለዋል እኮ!»

«እሱ ነው ክፉው!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። ስልኩን ከሮቤል እጅ ተቀበልኩ። «ጤና ይስጥልኝ» አልኩ። «ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ምናልባት ቦረና ምን እንደሆነ በቅጡ ሳይረዱ የለቀቁት እንደሆነ ብዬ ነው። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ እስከ ደጋው ድረስ…»

«አባቴ፣ ተስማማሁ እኮ!»

«ቅሬታችንም እሱ ነው። ትንሽ እንኳ ቢከለክሉን ምን ይጎድልብዎታል?»

«መምህር!» አለች መዲና፤ ድምፅዋ ሊሰበር ደርሷል። «ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው! ሐሳባቸውን ይቀይራሉ! ይተዉት!»

«እና ምን ልበል?» አለ ሰውዬው።

«አልሰጥም ይበሉ» አሉ ሐጅ ሙሄ በትከሻዬ በኩል።

«እሺ፤ አልሰጥም።»

«አልሰማንም!»

«አልሰጥም አልኩ!»

«እንዲህ ነው እንጂ! ለምን አይሰጡም? እኛ ምን በደልንዎ?»

«እንዴ፣ ብቸኛ ተብሎ ቀዳዳ ምን ይሉታል?» ሰውዬው እየሞቀው መጣ። «ዛሬ ቦረና፣ ነገ ሌላው ወረዳ ይመጣል! ደሴስ ብትጠይቅ? አይ፣ እንዲያውም አሁን ሳስበው…»

ስልኩ ተቋረጠ።

ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ሐጅ ሙሄም ወጡ። ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋነው። ኔትወርኩ የለም። ሮቤል ከዘራውን ጥሎ ራሱን ያዘ። ቢንያም እንኳ፣ ተፎካካሪው ቢሆንም፣ አዝኖለት ከዘራውን አነሣለት። መዲና ማንንም አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ከቁጣ ይከብድ ነበር። መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ስልኩን ብቻ ታያለች። ፀሐይዋ ከወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በታች ወረደች። እኔም በሕይወቴ ከተናገርኩት ንግግር ሁሉ ረጅሙ ይህ መሆኑንና ምን እንዳስከተለ ሳስብ፣ ዝምታ ለምን እንደሚስማማኝ ገባኝ።

ስልኩ ጮኸ።

«ተቋረጠብን እኮ!» አለ ሰውዬው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «የት ደርሰን ነበር?»

ሐጅ ሙሄ በትሕትና «ከልክለውን ነበር» አሉ።

«አዎ። ከለከልኩ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሠራተኞቹ እንዳይሰሙት የፈራ ይመስል፣ «ብትለምኑኝ እኮ እሺ ልል ነበር» አለ። «የአባቴ አገር ቢሆን እንዲህ ነው የሚደረገው።»

እኔና ሐጅ ሙሄ ከሚዛኑ ወረድን፤ ኔትወርኩ እንዳይጠፋ ሮቤል ስልኩን ተቀብሎ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሚዛኑ ላይ ቆመ። አቶ ሰይድ፣ ሐጅ ሙሄ፣ ቢንያምና እኔ ተሰልፈን ቆመን፣ ኩታ ያለው ኩታውን አደግድጎ፣ «ስለ አላህ! ስለ ማርያም!» እያልን ስልኩን ለመንነው።

«እሺ!» አለ ስልኩ። «እሺ፣ ወሰዳችሁት!»

«ተመስገን!» አልኩና፣ የወረዳውን ስፋት ሳልነግረው መዝጋቱ አግባብ ስላልመሰለኝ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ…» ብዬ ጀመርኩ።

መዲና ከመሬት ተነሣች። ሻሽዋን ፊቷ ላይ ይዛው ስለነበር እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየንም፤ ድምፅዋ ግን መናኸሪያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«ዝጉት!» አለች። «በአላህ፣ መምህር ሳይናገሩ ዝጉት!»